ፍሪድትዮፍ ናንሰን፤ በአዲስ በረዶ ላይ ብቻ ወይስ ከባልንጀራ ጋር?

በእኛ አገር በረዶ ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበን በሐምሌና በነሐሴ ቆርቆሮ እየደበደበ የሚወርደው፥ ልጆች ከደጅ እየለቀሙ የሚበሉት ጠጣሩ በረዶ ነው። ዛሬ የምንናገርለት ይህ አይደለም። በሰሜን አውሮፓ በክረምት ሌሊት ድምፅ ሳያሰማ እንደ ተነደፈ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚወርደው፥ ሲነጋም ሜዳውን፥ ጫካውንና ተራራውን አንድ ነጭ ሸማ አልብሶ የሚገኘው ለስላሳው በረዶ ነው፤ መጻሕፍታችን አመዳይ ብለው የሚጠሩት። ኖርዌይ በሚባለው አገር ሰዎች በዚህ በረዶ ላይ የሚሄዱት በስኪ ነው። ስኪ ማለት ከጫማ ጋር የሚታሠር፥ ጠባብና ረጅም፥ ጫፉ ወደ ላይ የቆለመመ አንድ ጥንድ ሳንቃ ነው።

ማንም ያልረገጠውን አዲስ በረዶ በማለዳ ማግኘት ለስኪ ሰው ታላቅ ደስታ ነው። ደስታው ግን ወዲያው አንድ ጥያቄ ያስከትላል፤ ብቻ ይኬዳል ወይስ ከባልንጀራ ጋር? ብቻውን የሚሄድ ሰው በፈለገው ሰዓት ይነሣል፥ በፈለገው ስፍራ ያርፋል፥ ማንንም አይጠብቅም፥ ነጩም ሜዳ ሁሉ የእርሱ ብቻ ይሆናል። ይሁን እንጂ አዲስ በረዶ ገር መስሎ ክፉ ነው። ፊተኛው ሰው እየሰመጠ መንገድ ይከፍታል፤ ኋለኞቹ ዱካውን ስለሚከተሉ ድካማቸው ይቀልላል። ስለዚህ ብዙ የሆኑ እንደሆነ ፊት መምራቱን ይፈራረቁበታል፤ ብቻውን የሆነ ግን ቀኑን ሙሉ ፊተኛ ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ አዲሱ በረዶ ከአሮጌው ጋር ገና ሳይጣበቅ በተዳፋት ላይ ተከምሮ ሳለ ድንገት ተንዶ ሰው መቅበሩ ነው። በበረዶ ናዳ የተቀበረ ሰው በሕይወት የመውጣት ተስፋው ብዙ የሚሆነው በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። በሩብ ሰዓት ከመንደር ተጠርቶ የሚደርስ ረዳት ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ የሚቆፍረው አጠገቡ የነበረው ባልንጀራው ነው፤ እርሱም አብሮ ካልተቀበረ። ልምድ ያላቸው ሰዎች አደገኛውን ተዳፋት አንድ በአንድ የሚሻገሩት፥ አንዱ ሲያልፍ ሌሎቹ ቆመው የሚመለከቱት ስለዚህ ነው።

ይህን ጥያቄ በወሬ ሳይሆን በገዛ እግሩ የመረመረ አንድ ሰው ነበረ፤ እርሱም የኖርዌዩ ተወላጅ ፍሪድትዮፍ ናንሰን ነው። የእኛ ዘመን ተማሪ ስሙን የሚያውቀው ምናልባት በስደተኞች ጉዳይ፥ ወይም በ1922 በተሸለመው የኖቤል የሰላም ሽልማት ይሆናል። ስሙ አስቀድሞ በዓለም የተሰማው ግን በስኪው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።

ናንሰን ኦክቶበር 10 ቀን 1861 በክርስቲያንያ ከተማ አጠገብ ተወለደ፤ ክርስቲያንያ ዛሬ ኦስሎ የምትባለው ናት። አባቱ የሕግ ሰው ነበሩ። እናቱ አደላይድ ደግሞ ለወይዘሮ ስኪ መሄድ ነውር ይባል በነበረበት ጊዜ ስኪ ይሄዱ የነበሩ ሴት ናቸው። ልጁም ገና በእግሩ ከመጽናቱ ስኪ ለመደ። በ10 ዓመቱ ወላጆቹ ሳይፈቅዱለት ሁሴቢ ከሚባለው የዝላይ ኮረብታ ዘለለ፤ ሲያርፍ የስኪው ጫፍ በረዶው ውስጥ ተተከለና እርሱ ወደ ፊት ተወረወረ። ከዚያ ወዲያ መዝለሉን አልተወም።

በ1880 ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የእንስሳት ጥናት ጀመረ፤ በ1882 አቆስጣ የምታድን መርከብ ይዛው ወደ ሰሜን ባሕር ሄደች። መርከቢቱ በበረዶ ተይዛ ስትንሳፈፍ የግሪንላንድን ምሥራቃዊ ጠረፍ በሩቁ ተመለከተ። ግሪንላንድ በስፋቷ ከዓለም ደሴቶች ሁሉ የምትበልጥ፥ ውስጧ በሙሉ ማለት ይቻላል በጥልቅ በረዶ የተሸፈነ ምድር ናት፤ በዚያን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አቋርጧት መሻገሩ የታወቀ ሰው አልነበረም። ወጣቱ ያንን ጠረፍ ከልቡ ሊያወጣው አልቻለም። በዚያው ዓመት በርገን በምትባል የምዕራብ ወደብ በሚገኘው ሙዚየም ሥራ ተሰጠው፤ ዕድሜው ገና 21 ሊሞላ ነበር። እንግዲህ እንደ ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ትቶ ቢሮ የገባ ወጣት ነበረ ማለት ነው።

በ1884 መጀመሪያ ላይ የሠራው ነገር ለዛሬው ነገራችን መነሻ ነው። በክርስቲያንያ የሚደረገውን የስኪ ውድድር ለመካፈል ፈለገ። በበርገንና በክርስቲያንያ መካከል ያለው ከፍተኛ ተራራ በዚያ ወቅት በበረዶ የተዘጋ ስለሆነ ሌላው ሰው ቢሆን በመርከብ ዞሮ ይሄድ ነበር። ናንሰን ግን ባቡሩ እስከሚያደርሰው እስከ ቮስ በባቡር ሄዶ ከዚያ ወዲያ ተራራውን በስኪ አቋረጠ፤ ከውድድሩም በኋላ በስኪ ተመለሰ። የጉዞ ባልደረባው ፍሊንክ የሚባለው ውሻው ብቻ ነበረ። የተራራው ባላገሮች ዕብደት ነው ብለው ቢመክሩትም አልሰማም። መንገድ በጠፋበት ሌሊት በበረዶው ውስጥ ጎድጓድ ቆፍሮ ከውሻው ጋር ተጠጋግቶ ተኛ፤ ጨረቃ ስትወጣ ተነሥቶ ጉዞውን ቀጠለ።

ያ ጉዞ በጋዜጣ ወጥቶ ስሙን አስጠራው። እኛ ስናስበው ግን ዝናው ትንሹ ነገር ነው። በዚያ ጉዞ ናንሰን በጭር ባለ ነጭ አገር ብቻን መሆን የሚሰጠውን ደስታ ቀመሰ፤ የዚያም ጣዕም እስኪሞት ድረስ ከአፉ አልጠፋም። በዚያው ጉዞ ውስጥ ያልተጻፈ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። በዚያች ሌሊት አንድ እግሩ ቢሰበር ኖሮ ፍሊንክ ሊያደርግለት የሚችለው ነገር ሙቀቱን ከመስጠት አያልፍም ነበር። ዕድል ከእርሱ ጋር ነበረች፤ ዕድል ደግሞ ለሚቀጥለው ጉዞ ስንቅ አይሆንም።

ናንሰን ይህን ያልዘነጋ መሆኑ የሚታየው ግሪንላንድን ለመሻገር ባሰበ ጊዜ ነው። ሐሳቡን ያጠነከረለት ኖርደንሸልድ የሚባለው አሳሽ በ1883 ያደረገው ጉዞ ነው። ኖርደንሸልድ ወደ ግሪንላንድ ውስጥ ገብቶ መሄድ ባቃተው ጊዜ አብረውት የነበሩትን ሁለት የሳሚ ሰዎች በስኪ ወደ ፊት ላካቸው። ሳሚ በሰሜን ስካንዲናቪያ አጋዘን እያረቡ የሚኖር፥ ከስኪ ጋር የተወለደ የሚባል ሕዝብ ነው። ሁለቱ ሰዎች ከ57 ሰዓት በኋላ ተመልሰው በደርሶ መልስ 460 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄዱ ተናገሩ። ሊቃውንቱ አላመኑም። በ1884 በስዊድን 220 ኪሎ ሜትር የሚሆን ውድድር ተዘጋጀና ከሁለቱ አንዱ ላርስ ቱዎርዳ በ21 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ጨርሶ አሸነፈ። ተጠራጣሪዎቹ አፋቸውን ያዙ፤ ናንሰንም ስኪ የት ድረስ ሊያደርስ እንደሚችል ተረዳ።

ዕቅዱ እጅግ ድፍረት የሞላበት ነበር። ከእርሱ በፊት የሞከሩት ሰው ከሚኖርበት ከምዕራቡ ጠረፍ ተነሥተው ወደ ባዶው ምሥራቅ ስለሚሄዱ፥ በደከማቸው ጊዜ ወደ ቤት መመለሱ ይቀላቸው ነበር። ናንሰን ግን ማንም ከሌለበት ከምሥራቅ ጠረፍ እነሣለሁ አለ። መርከቡ አራግፎት ከሄደ በኋላ ምግብና ሰው የሚገኘው በፊቱ እንጂ በኋላው አይደለም። መንግሥቱ ገንዘብ ለመስጠት እምቢ አለ፤ ገንዘቡን የሰጠው አንድ የዴንማርክ ነጋዴ ነው። አንድ የበርገን ቀልደኛ ጋዜጣም ናንሰን በግሪንላንድ የስኪ ትርዒት ስለሚያሳይ ተመልካቾች በበረዶው ስንጥቅ ውስጥ ወንበር እንዲይዙ፥ የመመለሻ ቲኬት ግን መግዛት እንደማያስፈልጋቸው አስታወቀ። በዚህ መካከል ናንሰን ስለ ነርቭ አሠራር የጻፈውን የዶክተርነት ጽሑፍ አቅርቦ ተከራከረበት፤ ጥቂት ቀን ብቻ ቆይቶ ጉዞውን ጀመረ። ለጥናቱ ውጤት የተጨነቀ አይመስልም፤ ምንም እንኳ ያ ጥናት በኋላ በሊቃውንት ዘንድ የተከበረ ቢሆን።

ይህን ያህል ደፋር የሆነ ሰው ብቻውን ቢሄድ ኖሮ ማንም ባልተደነቀ። እርሱ ግን አምስት ባልንጀሮች መረጠ። ኦቶ ስቬርድሩፕ የመርከብ ሰው፥ ኦሉፍ ዲትሪክሰን የጦር መኮንን፥ ክርስቲያን ክርስቲያንሰን የገጠር ልጅ፥ ሳሙኤል ባልቶና ኦሌ ራቭና ደግሞ ሳሚዎች ነበሩ። ራቭና በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጥ፥ የልጆች አባት ነበረ። ስቬርድሩፕ ዝምተኛ ነው፤ ባልቶ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ራቭና ቤቱን ናፋቂ ነው። እንዲህ የተለያዩ ስድስት ሰዎች በአንድ ድንኳን ሊያድሩ ነው።

ጁላይ 17 ቀን 1888 ከጠረፉ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ከመርከብ ወርደው በሁለት ጀልባ ጉዞ ጀመሩ። ወዲያው ተንሳፋፊው በረዶ ያዛቸውና ወደ ደቡብ ይዟቸው ሄደ። በዚያ በረዶ ላይ ድንኳን ተክለው ሳሉ ያለፈች አንዲት ሌሊት አለች። የተቀመጡበት የበረዶ ግግር ማዕበሉ ወደሚፈርስበት ወደ ክፍት ባሕር ይሄድ ነበር፤ በዙሪያቸው ያሉት ግግሮች እየተሰባበሩ ነው። አምስቱ ተኝተው ስቬርድሩፕ ብቻውን ዘብ ቆመ። ከድንኳኑ ወደ ጀልባዎቹ፥ ከጀልባዎቹ ወደ ድንኳኑ ይመላለሳል። ባልንጀሮቹን ሊቀሰቅስ የድንኳኑን በር እስከ መፍታት ደረሰና እጁን ገታ፤ ድካማቸውን ያውቃል፤ ቢቀሰቅሳቸውም በዚያች ደቂቃ የሚያደርጉት ነገር የለም። በመጨረሻው ሰዓት ግግሩ አቅጣጫውን ለውጦ ወደ ውስጥ ተመለሰ። ሲነጋ የተኙት ተነሡ፤ የሆነውንም ሰሙ። ብቻውን የሚሄድ ሰው እንቅልፉን የሚጠብቅለት የለውም።

ጁላይ 29 ቀን ምድር ሲረግጡ ካሰቡት ስፍራ እጅግ ርቀው ወደ ደቡብ ሄደው ነበር። በጀልባ ወደ ሰሜን ተመልሰው ቀዝፈው በኦገስት እኩሌታ ዑሚቪክ ከሚባለው ስፍራ ሽቅብ መውጣት ጀመሩ። እያንዳንዱ የበረዶ ጋሪ መቶ ኪሎ ያህል ጭነት ነበረው፤ ፈረስ የለም፥ ውሻ የለም፥ የሚጎትተው ሰው ነው። አዲስ በረዶ በብርድ ደርቆ ሲከመር ጋሪው እንደ አሸዋ ላይ ይከብዳል። በሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 45 ዲግሪ ያህል ደረሰ። የወጡበት ከፍታ 2,700 ሜትር አለፈ። ምግባቸው ስብ የጎደለው ስለ ነበረ ሌት ተቀን ቅቤ ያምራቸው ነበር።

በዚህ መካከል የባልንጀርነት ነገር እንዲህ ቀላል እንዳልነበረ መሸሸግ አይገባም። ባልቶና ራቭና የመጡበትን ቀን የረገሙበት ጊዜ አለ። ናንሰን ከሁሉ ከባዱን ጋሪ የሚጎትት መሪ ነበረ፤ ነገር ግን ትዕግሥቱ አጭር፥ ሐሳቡን ለማንም የማያካፍል ሰውም ነበረ። እንዲህ ያለ ሰው ብቻውን ቢሆን ማንንም አያስቀይምም፤ ነገር ግን ብቻውን መቶ ኪሎ እየጎተተ፥ ድንኳን እየተከለ፥ በረዶ እያቀለጠ ግሪንላንድን አይሻገርም። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል፤ የሚያነሣውም እንደሌለ ግን ተረቱ አይጨምርም።

ሴፕቴምበር 19 ቀን ነፋስ ከኋላቸው መጣ። ጋሪዎቹን ጎን ለጎን አሥረው ሸራ ሰቀሉና በስኪ እየተንሸራተቱ በነፋስ ይነዱ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ከኋላ የሚመጣው ባልቶ የምዕራቡን ምድር አይቶ በደስታ ጮኸ። ሲመሽ ግን በዚያ ፍጥነት ሲሄዱ በፊታቸው አንድ ጥቁር ነገር ታየ፤ ጥቂት ቢዘገዩ ኖሮ የሚውጣቸው የበረዶ ስንጥቅ ሆኖ ተገኘ። ወደ ባሕሩ በወረዱ ጊዜ ናንሰንና ስቬርድሩፕ ከዛፍ ቅርንጫፍና ከድንኳን ሸራ ታንኳ የምትመስል ነገር ሰፍተው ቀዘፉ፤ ኦክቶበር 3 ቀን ጎትሆብ ደረሱ፤ ጎትሆብ ዛሬ ኑክ የምትባለው የግሪንላንድ ዋና ከተማ ናት። ወዲያው ለአራቱ ጀልባ ተላከና ስድስቱም ተገናኙ። የዓመቱ የመጨረሻ መርከብ ከዚያ ስላመለጣቸው ክረምቱን ከአገሬው ሰዎች ጋር ከረሙ። ሜይ 30 ቀን 1889 ክርስቲያንያ ሲገቡ ወደቡ በሰው ተጥለቀለቀ። የተቀበላቸው ሕዝብ የሚጠራው የናንሰንን ስም ነበር።

ስለ ባልቶ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ስለ ጉዞው የራሱን ታሪክ ተናግሯል፤ በኋላም አጋዘን ለማርባት ወደ አላስካ ተሰደደና እዚያው ኖሮ ሞተ። በ1925 በኖም ከተማ በሽታ በገባ ጊዜ መድኃኒቱን ተሸክመው በበረዶ ከሮጡት ውሾች መካከል ስሙ የገነነው ባልቶ የተሰየመው በዚህ ሰው ነው። ዛሬ ባልቶ ሲባል ውሻው እንጂ ሰውዬው ለብዙ ሰው አይታወቅም።

ናንሰን በ1890 ስለ ግሪንላንድ ጉዞ ያሳተመው መጽሐፍ ስኪን ከኖርዌይ አውጥቶ ወደ መካከለኛው አውሮፓ አስገባ። ካነበቡት አንዱ በኦስትሪያ ተራራ ይኖር የነበረው ማቲያስ ዝዳርስኪ ነው። ዝዳርስኪ ስኪ አስመጥቶ ለብቻው እየወደቀ እየተነሣ ተማረ፤ ለቁልቁለት የሚስማማ አዲስ የአነዳድ ዘዴም አወጣ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተራራ ወታደሮችን ያስተምር ነበር። በፌብሩዋሪ 1916 የበረዶ ናዳ ቀበረው። ሰዎች ቆፍረው ሲያወጡት ሰማንያ ያህል ስብራትና ውልቃት ነበረበት፤ ሆኖም ድኖ እስከ 1940 ኖረ። ብቻውን የተማረው ሰው ሕይወቱን ያገኘው በሌሎች እጅ ነው።

ወደ ናንሰን እንመለስ። በ1889 ኤቫ ሳርስ የምትባለውን ዘፋኝ አገባ። መጀመሪያ የተገናኙት በጫካ መካከል እርስዋ በበረዶ ውስጥ ተዘቅዝቃ ስኪዋ ብቻ ወደ ላይ ታይቶት ሊያነሣት በሄደ ጊዜ ነው እየተባለ ይተረካል። እውነት ይሁን ጨዋታ፥ ኤቫ ግን በስኪ ከባልዋ ጋር ተራራ የምትወጣ ሴት እንደ ነበረች የታወቀ ነው።

በ1893 ናንሰን ፍራም በምትባል መርከብ በ13 ሰዎች ወደ ሰሜን ዋልታ ተጓዘ፤ ፍራም ማለት ወደ ፊት ማለት ነው። ሐሳቡ መርከቢቱ በበረዶ ተይዛ ከበረዶው ጋር እየተንሳፈፈች ዋልታውን እንድታልፍ ነበር። እንደማታልፍ በታወቀው ጊዜ በስኪና በውሻ ለመሄድ ቆረጠ። አሁን ጥያቄው እንደ ገና መጣ፤ ስንት ሰው? ስቬርድሩፕ መርከቢቱን መምራት ስላለበት ሊሄድ አይችልም። ናንሰን የመረጠው ህያልማር ዮሐንሰንን ነው። ዮሐንሰን የጂምናስቲክ ሰው ነበረ፤ በጉዞው ለመግባት ካለው ጉጉት የተነሣ ሌላ ቦታ ባይገኝ የእሳት አንዳጅነት ሥራ ተቀብሎ የተሳፈረ ነው። ናንሰን አስብበት ብሎ ጊዜ ሊሰጠው ቢል ማሰብ አያስፈልገኝም ብሎ ወዲያው እሺ አለ።

ማርች 14 ቀን 1895 በ28 ውሾች፥ በሦስት የበረዶ ጋሪና በሁለት ካያክ ተነሡ፤ ካያክ ማለት የግሪንላንድ ሰዎች የሚቀዝፉባት ጠባብ ታንኳ ናት። ኤፕሪል 8 ቀን 86 ዲግሪ ከ14 ደቂቃ ደረሱ፤ ከዚያ በፊት ማንም ወደ ሰሜን እስከዚያ ድረስ አልደረሰም። በረዶው እንደ ፍርስራሽ ድንጋይ ስለ ተከመረ ወደ ደቡብ ተመለሱ። ወደ መርከቢቱ መመለስ አይቻልም፤ እርስዋ ከበረዶው ጋር ሄዳለች።

ሁለት ሰው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ታየ። አንድ ቀን ነጭ ድብ ዮሐንሰንን በጀርባው ጥሎት ቆመበት። ዮሐንሰን የድቡን ጉሮሮ ይዞ ሳለ ናንሰን ጠመንጃውን ከካያኩ ለማውጣት ይታገላል። በዚህ ጊዜ ዮሐንሰን ጊዜው እንዳያልፍ ቢፋጠኑ መልካም እንደሆነ ለናንሰን ረጋ ብሎ አሳሰበ፤ ያሳሰበውም በአንቱታ ነው! ናንሰን ተኩሶ ድቡን ገደለ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ሁለቱ ካያኮች ተፈትተው በነፋስ ይወሰዱ ጀመር። ጠመንጃው፥ ምግቡ፥ ያላቸው ነገር ሁሉ በእነርሱ ላይ ነው። ናንሰን በበረዶ መካከል ወደ ውሃው ዘልሎ ዋኘ። ዮሐንሰን በበረዶው ዳር ወዲያና ወዲህ እያለ ያያል፤ ምንም ሊረዳው አይችልም። ናንሰን ሰውነቱ ሊደነዝዝ ሲል ካያኩን ያዘ። ቢሰምጥ ኖሮ የሚሞቱት ሁለቱ ናቸው።

ክረምቱን በፍራንዝ ዮሴፍ ምድር ከድንጋይና ከባሕር አውሬ ቆዳ በሠሩት ጎጆ ውስጥ የድብ ሥጋ እየበሉ አሳለፉ። ስምንት ወር ያህል ብርዱን ለመከላከል በአንድ የመኝታ ከረጢት ውስጥ ተኙ። ይህም ሁሉ ሆኖ እስከ 1895 የዘመን መለወጫ ዋዜማ ድረስ እርስ በርሳቸው አንቱ ይባባሉ እንደ ነበር፥ በዚያች ማታ ናንሰን አንተ እንባባል ብሎ እንደ ጠየቀ ይነገራል። እኛ ይህን ስናነብ ሣቅን፤ ቀጥሎ ግን የባልንጀርነታቸው ጥንካሬ ምናልባት በዚህ ነው አልን። በአንድ ከረጢት የሚተኙ ሁለት ሰዎች መካከል የቀረው ርቀት ያ አንቱታ ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ጠበቁት።

ጁን 17 ቀን 1896 ናንሰን ጃክሰን ከሚባለው እንግሊዛዊ አሳሽ ጋር ባልታሰበ ሁኔታ ተገናኘና ዳኑ። ኦገስት 13 ቀን ኖርዌይ ገቡ፤ ስቬርድሩፕም ፍራምንና ሰዎቹን ሁሉ በደኅና ይዞ ከሳምንት በኋላ ደረሰ። ከሁለቱም ወገን የሞተ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

ናንሰን ዝና፥ ማዕርግና ሥራ ተከተሉት፤ ዮሐንሰንን ግን ድህነትና መጠጥ ተከተሉት። በ1910 ሮአልድ አሙንድሰን ወደ ደቡብ ዋልታ ሲሄድ በናንሰን ልመና ዮሐንሰንን አብሮ ወሰደው። በሴፕቴምበር 1911 አሙንድሰን ጊዜው ሳይደርስ ተነሥቶ ብርዱ ቢያሸንፈው ወደ ሰፈር ተመለሰ። በመጨረሻው ቀን ፈጣን ውሾች ያሉት መሪ ቀድሞ ሄደ፤ እያንዳንዱም እንደ ችሎታው ተከተለ። ፕሬስትሩድ የሚባለው ወጣት መኮንን እግሩ በብርድ ተይዞ፥ ምግብና ድንኳን ሳይኖረው፥ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ በደረሰበት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። ከእርሱ ጋር የቀረው ዮሐንሰን ነው። ብዙ ሰዓት ዘግይተው በሌሊት ገቡ። በማግሥቱ ጠዋት ዮሐንሰን መሪ ሰዎቹን ጥሎ አይሄድም ሲል በሁሉ ፊት አሙንድሰንን ወቀሰው። አሙንድሰንም ዮሐንሰንን ወደ ዋልታው ከሚሄዱት ስም ሰረዘው። ዲሴምበር 14 ቀን 1911 አምስት ሰዎች ዋልታው ላይ ቆሙ፤ ዮሐንሰን አልነበረም። በጃንዋሪ 1913 በክርስቲያንያ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ።

በቢሮ ለምንሠራ ወጣቶች ይህ ታሪክ ከዋልታው ይልቅ ቅርብ ነው። አለቃውን በሰው ፊት መውቀሱ ከሥርዓት ውጪ ነበር የሚል ይኖራል፤ አሙንድሰንም ያለው ይህንኑ ነው። እኛ ግን ከዮሐንሰን ጋር ነን። በበረዶ ላይ አብሮ የወጣ አብሮ መግባቱ የጨዋነት ነገር አይደለም፤ የስምምነቱ ዋና አንቀጽ ነው። ያ ከቀረ አምስት ሆኖ መሄድ ብቻ ከመሄድ ይከፋል፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው ቢያንስ ማንንም ተማምኖ አልወጣም።

ናንሰን ራሱ በኋለኛው ዕድሜው ሥራው ከሰው ጋር ሆነ። ኖርዌይ በ1905 ከስዊድን ስትለይ ለአገሩ ተከራከረ፤ በሎንዶንም የመጀመሪያው መልእክተኛዋ ሆነ። ኤቫ በ1907 ሞተችበት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመንግሥታት ማኅበር ስም ከ400,000 የሚበልጡ የጦር ምርኮኞችን ወደየአገራቸው መለሰ፤ በሩሲያ ለተራቡት እህል ለመነ፤ አገር ለሌላቸው ስደተኞች በስሙ የሚጠራውን ፓስፖርት አስገኘ። ከ1920 ጀምሮ በመንግሥታት ማኅበር የኖርዌይ ልዑክ ስለ ነበረ፥ ኢትዮጵያ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1923 ወደ ማኅበሩ ስትገባ በዚያው ጉባኤ አገሩ ከምትወከልባቸው ሰዎች አንዱ ነበረ። ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፥ የመስቀል በዓል ነው።

በ1926 በስኮትላንድ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሬክተር አድርገው መርጠውት ስለ ጀብዱ ንግግር አደረገላቸው። የሚያስደንቀው፥ ይህ በባልንጀሮች የተሻገረ ሰው ለተማሪዎቹ ያመሰገነው ጭር ያለውን ምድረ በዳና ብቻን መሆንን ነበር፤ ሰው ራሱን የሚያገኘው ከከተማ ጫጫታ ርቆ ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። ይህ ንግግርና ኑሮው የሚጋጩ መስለውን ብዙ አሰብንበት። ምናልባት አይጋጩም። ናንሰን ብቻውን መሆንን የሚፈልገው ለማሰብ ነው፤ ግሪንላንድን ያሰበው ብቻውን ነው፥ የፍራምንም ነገር ያሰበው ብቻውን ነው። ወደ በረዶው ሲወጣ ግን ሰው ይቆጥራል፤ ስድስት፥ አሥራ ሦስት፥ ሁለት። ከ1884ቱ ጉዞ በኋላ ነፍስ በሚያስይዝ ታላቅ ጉዞ ላይ ብቻውን አልወጣም።

በሸመገለ ጊዜም በቤቱ አካባቢ በሚገኘው ጫካ ስኪ መሄዱን አልተወም። ሜይ 13 ቀን 1930 ሊሳከር በሚገኘው ቤቱ ሞተ፤ በሜይ 17 በኖርዌይ ብሔራዊ በዓል ቀን በመንግሥት ክብር ቀብሩ ተፈጸመ፤ አመዱም በቤቱ ግቢ በዛፍ ሥር ዐረፈ። በዚያች ተንሳፋፊ በረዶ ላይ አምስቱ ሲተኙ ዘብ የቆመው ኦቶ ስቬርድሩፕ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 26 ቀን ሞተ።